ነጃት በግራ እጇ ስትበላ

ነጃት መሞቷን የሰማሁት ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነው። የነገረኝ የወንድሟ ሱቅ ጎረቤት የሆነ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የድሬዳዋ ሰው። ስሜን እንኳ አያውቀውም። «አንቺ፣ የሕፃናቱ ቤት ሴትዮ» ብሎ ጠራኝና፣ ነጃት ወደ አኼራ መሄዷን፣ እዚያው ድሬ ላይ መቀበሯን ነገረኝ። ቲማቲሙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ በሶማሊኛ ትገዢያለሽ ወይስ ታሺያለሽ ብላ ስትቆጣኝ ግን ገዛሁ። ምን ላድርግ፤ ሰው ሞተ ተብሎ ምሳ አይቀርም።

ያን ቀን አላለቀስኩም፤ እውነቱን ልናገር። በጅቡቲ ሐምሌ ከዓይን የሚወጣውን ከግንባር ከሚወርደው ማን ይለየዋል። ቤት ገብቼ ምሳ ሠራሁ፤ መብራት ስለጠፋ በር ከፍቼ መሬት ላይ ተጋደምኩ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከእንግዲህ «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ፤ መጋደም ለሞተ ሰው ነው» የሚለኝ የለም። አርባ ዓመት ያለፈኝን ሴትዮ ልጅ ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ከነጃት ጋር ያገናኘን ሥራ ነው። ከደሴ መጥቼ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ኖርኩና ወገቤ እምቢ አለኝ። ካርቲየ 5 ውስጥ ያለ አንድ የሕፃናት ቤት ምግብ ሠሪና ጽዳት ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ ነው። የሚመጡት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ አንገቱ ያልጸና፣ መራመድ የዘገየ፣ አፉን ያልፈታ፣ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዘው፣ ሲጠሩት ዞር የማይል። እናቶቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ነጃት የልጁን እጅና እግር እያሠራች እናቲቱን ታስተምራለች። ፊዚዮቴራፒ ተምራ ነው የመጣችው። ስትኮራ የምሰማት ግን በትምህርቷ ሳይሆን በጉሮሮዋ ነበር፤ ስትጮህ አስፋልት ማዶ ይሰማል።

አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። ያንኑ ጉልበቷን የተነሳችበትን የራጅ ፊልም ማራገቢያ አድርጋው ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ መጥፋት ልማዱ ነው፣ ወንበር ላይ ዘፍ ትልና በራሷ አጥንት ታራግባለች። አዲስ የመጡ እናቶች ይደነግጣሉ። እኛ ለምደነዋል።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን «እርስዎ» አልኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ የቤቱም ኃላፊ ናት፤ ደሴ እንዲያ ነው ያደግነው። ሳቋን ለቀቀችው። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም፣ አባቴንም አንተ ብዬ ነው የቀበርኩት፣ አንቺ በይኝና ሥራችንን እንሥራ አለችኝ። ለሳምንታት አንቺ ማለቱ አፌ ላይ አልገባ ብሎኝ ስሟን ሳልጠራ ነበር የማናግራት።

በዚያው ሳምንት አንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ሮጬ አነሳሁት። «አስቀምጪው» አለችኝ። ያለቅሳል እኮ አልኳት። «ያልቅስ፤ ሳንባው ይሰፋል።» በልቤ ይቺ ሴትዮ አንጀት የላትም አልኩ። በኋላ ሳይ ልጁ የሚያለቅሰው ተንከባልሎ አሻንጉሊቱ ጋ ለመድረስ እየታገለ ኖሯል፤ እኔ አንስቼ ድካሙን ከንቱ አድርጌበታለሁ። «ያዘነ እጅ ልጅ ያሰንፋል» ትል ነበር። የራሷ አባባል ነው፤ ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም።

ደግሞ የማትወደው ተረት ነበራት። እናቶች ሲከፋቸው አንዷ ሌላዋን «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ታጽናናለች። ነጃት ይህን ስትሰማ ትበሽቃለች። ለመሆኑ እንቁላል ሲሄድ ያየ አለ ወይ? የሄደው ጫጩቱ ነው፣ እሱም እናቱ ተቀምጣበት፣ ሞቃው፣ ቅርፊቱን ሰብሮ ነው፤ በሉ ተነሱና ልጆቻችሁን አሠሩ ትላቸዋለች። እናቶቹ እየሳቁ ይነሳሉ። አንዳንዷ እያለቀሰች ትነሳለች።

እንግዲህ የነጃትን ሥራ ለማወቅ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከኛ ይወጣሉ። ደንብ ነው፤ በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ሕፃን ሁልጊዜ አለ። የሚሄዱበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሆዳን የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ቤት እንደነሱ ላሉ ልጆች ብሎ አንድ ክፍል ከፍቷል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እኛ ጋ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ብቻውን ነው። እኛ ጋ በሶማሊኛም በአፋርኛም በአማርኛም ይባበላል፤ እዚያ አስተማሪዋ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነው። አንዲት አስተማሪና አንዲት ረዳት ለሁሉም ናቸው። ስለዚህ ልጁን ሁለት ሳምንት ይሞክሩታል። ከእናቱ ተለይቶ መዋል ካቃተው፣ የቀረበለትን ራሱ መብላት ካልቻለ ይመልሱታል። ወዴት? ወደኛ እንዳይመጣ ዕድሜው አልፏል። ቤት ይቀራል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ እናቶቻቸውን ገበያ ሳገኛቸው ስለ ልጁ አልጠይቅም።

ነጃት ይህን «ማሻገር» ትለው ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ትጀምራለች። መጀመሪያ ጭኗ ላይ የነበረውን ልጅ ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በሩ ጋ ትቀመጣለች። ከዚያ ከሌላው ክፍል ሆና ድምፅዋን ብቻ ታሰማዋለች። በመጨረሻ ድምፅዋንም ትነፍገዋለች። ልጁ ዓይኑ ይንከራተታል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሻይዋን ትጠጣለች። ስንቷ እናት ጨካኝ ብላታለች። እሷ ጨካኝ መባል አይገዳትም ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የሰላም ጉዳይ ነው።

ሰላም የአስካለ ልጅ ናት። አስካለ ወሎ ገጠር ተወልዳ፣ እንደኔው በሰው ቤት ልትሠራ የመጣች ልጅ ናት። አባትየው የት እንደገባ አይታወቅም። ሰላም ስትወለድ ምጡ ጠንቶ ነበርና ቀኝ ጎኗ ደርቆ ቀረ፤ ቀኝ እጇ ተጨብጦ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። አስካለ የምትሠራው የውጭ ሰዎች ቤት፣ እዚያው እያደረች ነው። ልጅቱን ካርቲየ 4 ያለች አንዲት አሮጊት አከራይ ትይዝላታለች። አሠሪዎቿ በሳምንት ሁለት ጠዋት ፈቅደውላት ራሷ ታመጣታለች፤ በቀረው ቀን አሮጊቷ በጀርባዋ አዝላ ታደርሳታለች። ደግ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን አርጅታለች፣ ዓሊ ሳቢዬ ካለው ልጇ ጋር ልትኖር ነው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ብቻ ነው የምይዛት ብላ አስታወቀች።

አስካለ አንድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለ። ሰላም ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት ግማሽ ቀን እዚያ ትውላለች፤ የቀረውን ጊዜ እኔና ጎረቤቶቼ ተጋግዘን እንይዛታለን ብለን ለአስካለ ቃል ገብተንላታል። ሙሉ ቀን ግን ማንም አይችልም። ካልተቀበሏት ወሎ፣ የአስካለ እናት ጋ መላክ ነው። አስካለ አብራት እንዳትሄድ እናቷንም ልጇንም ራሷንም የምታኖር እሷው ናት።

«እናቴ ትወዳታለች» አለች አስካለ። «ግን እርሻ ስትሄድ በር ዘግታባት ነው የምትሄደው። ሌላ ምን ታድርግ?»

ነጃት ያን ቀን አልጮኸችም።

ልጅቱ ከእናቷ ተለይታ መዋል ችግሯ አልነበረም፤ ምስኪን፣ እሱን ለምዳዋለች። ችግሯ መብላት ነው። ራሷ በልታ አታውቅም። አስካለ ስትመጣ ታጎርሳታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የናፈቃትን ሁሉ በጉርሻ ነው የምትወጣው። አሮጊቷ ታጎርሳታለች። እኔም አጎርሳት ነበር፤ የተጨበጠች እጇን እያዩ አለማጉረስ የሚችል ማን ነው? እሷም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ነጃት አንድ ቀን የቁልፍ እሽጓን በሰላም ግራ በኩል ጣል አደረገች። ልጅቱ ዙሪያዋን አየችና ፈጠን ብላ በግራ እጇ ብድግ አደረገችው። ምግብ ሲቀርብ ግን ያንኑ እጇን ከኋላዋ ትደብቀዋለች። ጠይቀን ደረስንበት። ግራ እጇን ወደ ሳህን በዘረጋች ቁጥር አሮጊቷ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ግራ የሰይጣን ነው፣ ነውር ነው። እናቷም ትመልሰዋለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እዚህ አገር ሶማሌው አፋሩ፣ ዓረቡ አበሻው፣ በሌላ ነገር ሁሉ ቢጨቃጨቅ በዚህ ይስማማል፤ በግራ እጅ አይበላም። እኛ ክርስቲያኖቹስ? እናቴ ግራዬን የላክሁ እንደሆነ በጭልፋ ነበር የምትለኝ።

«ይቺ እጅ ሰንፋ አይደለም፤ ተከልክላ ነው» አለች ነጃት።

ለአስካለም ለአሮጊቷም ነገረቻቸው። እሺ አሉ። አንዳቸውም አላደረጉትም። ምሳ ሲቀርብ አስካለ ሰላምን በግራሽ ብይ ትላትና ወዲያው ሰው አየን ብላ ዙሪያዋን ታያለች። ልጅ ደግሞ የሚሰማው የተነገረውን አይደለም፣ የእናቱን ፊት ነው። እጇ ከኋላዋ አልወጣ አለ።

በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ምንጣፉ ላይ ትልቅ ትሪ ፉል ከነዳቦው አቅርቤያለሁ፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነጃት ጉልበቷን እየረገመች መጥታ ከሰላም ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ ዳቦ ቆረሰች፣ ፉል አጠቀሰች፣ ጎረሰች።

ወሬ ቆመ። ነጃት ማለት እኮ አንድ ሶላት የማታሳልፍ፣ ረመዳን ሳይገባ ቀደም ብላ የምትጾም፣ ልጆቹን «ቢስሚላህ በሉ» ሳትል ማንኪያ የማታስነካ ሴት ናት። እናቶቹ ተያዩ። አንዷ ረስታ መስሏት በቀኝሽ ልትላት ብላ ፈራች። ነጃት ቀና አላለችም። የቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ልጅ እያንጠባጠበች በላች። ግራ እጅ አልለመደማ። ሰላም አፏን ከፍታ ታያት ነበር።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ወሬው ካርቲየ 4 ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ነጃት አበደች አሉ፤ ፈረንጅ ሆነች አሉ፤ ደግሞ ግማሽ ጎኗ ታሞ ነው ያለም አልጠፋ። ወንድሟ ጀማል ሱቁን ዘግቶ መጣ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ በሐፍረት መሬት መሬት እያየ ነበር የተናገረው። ልጅቱ ምክንያት አላት፣ ፈጣሪም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቃትም አለ።

«አንቺ ግን ሁለት እጅ አለሽ፣ ነጃት።»

ጩኸቷን ጠብቄ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። «ልክ ነህ» አለችው። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ በግራዋ በላች።

ሰው ይህን ሲሰማ ደፋር ናት ይላል። እኔ ግን ከምሳ በኋላ አያት ነበር። የግቢው ቧንቧ ጋ ሄዳ ግራ እጇን በሳሙና ታጥባለች፣ ትደግማለች፣ ከዚያ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ መዳፏን ዘርግታ ትቆያለች። አንድ ቀን ምን ትያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ይቅር በለኝ እላለሁ» አለች። «ነገ ደግሞ እንደምበላ ያውቃል። ቢሆንም እላለሁ።» እንደ ቀልድ አልነበረም የተናገረችው።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ማንም ሳያስበው፣ ትንሿ ግራ እጅ ከኋላ ወጥታ ዳቦው ጋ ደረሰች። እልል ልል አፌን ስከፍት ነጃት በዓይኗ አፈጠጠችብኝ። ማንም አያጨብጭብ፣ ማንም አይያት፣ መብላት ጉድ አይደለም አለች። ሰላም ዳቦውን ግማሹን አፏ፣ ግማሹን ቀሚሷ ላይ አድርጋ ጨረሰችው። አስካለ በነገርኳት ጊዜ አላመነችኝም፤ ጠዋቷ ደርሶ ራሷ ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አንድ እሑድ፣ የዚህ አገር ሳምንት የሚጀምረው በእሑድ ነውና፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሁለት ሳምንቱ ጀመረ። ነጃት እኔን ላከችኝ። «ሰላም እኔን ካየች ለኔ ብላ ነው የምትበላው፣ ለራሷ ትብላ» አለች። ልጅቱን እየወሰድኩ ክፍሉ በር ላይ እቀመጥ ነበር። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ደህና ሰው፣ ከልጆቹ ብዛት የተነሳ ዓይኗ ሥር የጠቆረ። ረዳቷ ሀዋ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሶማሌ ናት። ልጆቹን ስታይ ዓይኗ እንባ የሚሞላ፣ ሁሉንም «ልጄ» የምትል። ጉዳችን የመጣው በዚህ ደግነቷ ነው።

ረፋድ ላይ ለልጆቹ ዳቦና ሙዝ ይቀርባል። ሰላም ግራ እጇን ስትዘረጋ ሀዋ አየችና በፍቅር፣ ጸጉሯን እየዳበሰች፣ እጇን መለሰችው። ዳቦውን ቀኝ እጇ ላይ ልታስይዛት ሞከረች፤ የተጨበጠ እጅ ምን ይይዛል። ከዚያ እሷው ቆርሳ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ ወደ አፏ ላከች። ሰላም አፏን ገጠመች። ፊቷን አዞረች። ግራ እጇ ከኋላዋ ገባ። ሀዋን በምችላት ሶማሊኛ ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ፣ በማግስቱም ያንኑ አደረገች። የሀዋ እጅ አልታዘዝ አላት። ሰላም ከጉርሻ አልፋለች፣ ግራዋን ተከልክላለች፤ ሳትበላ ትመለሳለች። ማልቀስ ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ አስተማሪዋ ጠርታኝ፣ ልጅቱን እንደወደደቻት፣ ነገር ግን ካልበላች ልትይዛት እንደማትችል፣ የሳምንቱን ማብቂያ ብቻ እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም።

አስካለ ደወለች። አስተማሪዋ ምን አለች አለችኝ። ነገርኳት። እንግዲያው የልጅቱን ልብስ አጥቤ ላዘጋጅ አለችና ዘጋችው።

በመጨረሻው ቀን ነጃት መጣች። ከአውቶቡስ ወርዳ እያነከሰች፣ ላብ በላብ ሆና። ሰላም ጋ አልሄደችም፤ አጠገቧም አልደረሰችም። ለልጆች በተሠራች ትንሽ ወንበር ላይ እየተንፏቀቀች ሀዋ ጎን ተቀመጠች። እኔ ይሰበራል ብዬ ስፈራ፣ አስተማሪዋም እንዲያው ስታይ ነበር። ምግቡ ሲመጣ ነጃት ዳቦ ለመነች። ሰጧት። በግራ እጇ ቆርሳ በላች።

ሀዋ ደነገጠች። ሀራም ነው እኮ እህቴ አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ነጃትም በሶማሊኛ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችላት፤ ዝቅ ማድረግ እንደምትችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እንዲህ አለቻት፦

«እኔም እንዳንቺው ነው ያደግኩት፣ ሀዋ። ቀኜ እያለ በግራዬ ስበላ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል? ይቺን ልጅ ግን ያንቺ እጅ እስከ መቼ ያበላታል?»

«እኔ እያለሁማ አትራብም።»

«አንቺም ትሞቻለሽ፣ እኔም እሞታለሁ። እሷን ግን ያን ቀንም ይርባታል።»

ሀዋ ሰላምን አየቻት። ልጅቱ ሳህኗ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አንገቷን ደፍታለች። ሀዋ ቀኝ እጇን አነሳች፤ አለቀልን አልኩ፣ ልታጎርሳት ነው። ያነሳችውን እጇን መልሳ ጭኗ ሥር ወሸቀችውና ተቀመጠችበት። እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን እዚያው ነው።

ቆየን። ሌሎቹ ልጆች በልተው ተነሱ። አስተማሪዋ ሰዓቷን አየችና ፊቷን ወደ መስኮት መለሰች። ነጃት ማንንም ሳታይ ዳቦዋን ታኝካለች። ሰላም ሀዋን አየች፣ የሀዋን ጭን አየች። ግራ እጇ ከኋላዋ ወጣ። ሙዙን ያዘችው፤ ከነልጣጩ ነከሰችው። ማንም አልሳቀ። ማንም ልላጥልሽ አላለ። ልጣጩን ተፋችና እንደገና ነከሰች።

አስተማሪዋ «እሑድ ትምጣ» አለች።

ውጭ ስንወጣ ነጃት አጥር ሥር፣ ጥላ ላይ ቁጭ አለች። ለአስካለ ደውዬ ስነግር፣ ስልኩ ውስጥ የሆነ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ለቅሶ። ስልኩን ለነጃት ልሰጣት ስል በእጇ መለሰችኝ። ውኃ ገዝቼ ሰጠኋት። ደስ አይልሽም ወይ አልኳት።

«ደክሞኛል» አለች። «እሑድ ሌላ ልጅ ይገባል። እንደገና አንገት ከማጽናት ልንጀምር ነው።»

እንደገና ከአንገት ጀመርን። አስካለ ሰላምን ይዛ ለማመስገን ልትመጣ ብትል ነጃት ከለከለቻት። አንቺ ነይ፣ ልጅቱን ግን እንዳታመጫት፤ የለመደችውን ጭን ታያለች፣ ልቧ ወደ ኋላ ይላል አለቻት። አስካለ ቅር አላት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነጃት ብዙ ልጅ አሻገረች፤ ያልተሻገሩም አሉ፣ ስማቸውን አንስታ አታውቅም። በግራዋ መብላቱን ሰላም የተሻገረች ዕለት ተወችው። ስኳር በሽታም ነበረባትና በመጨረሻ እግሯ ላይ ወጣባት። ለሕክምናም ለዘመድም ይሻለኛል ብላ ድሬ ሄደች። የራጅ ፊልሟን መስኮቱ ላይ ትታው ነው የሄደችው፤ ልትመለስ አስባ ነበር መሰለኝ።

ለቅሶው የጀማል ቤት ነበር። ከአስካለ ጋር ሄድን፤ ሰላምን የምታስቀምጥበት ስላልነበራት ይዛት መጣች። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ንግግሯ ዘግይቶ ቢመጣም ከመጣ ወዲህ ማቆሚያ የለውም፤ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። ሴቶቹ ክፍል ገብተን አልቅሰን ተቀመጥን። ምግብ በትሪ መጣ። ሰላም ሳታመነታ ግራ እጇን ላከች። አጠገቧ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ ከድሬ ለለቅሶ የመጡ፣ «በቀኝሽ፣ ልጄ» ብለው እጇን ሊመልሱ ሲሉ ጀማል ከበሩ ላይ ተናገረ። ትሪውን ያመጣው እሱ ነበር።

«ተያት፤ የነጃት ልጅ ናት።»

ባልቴቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። አስካለ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች። ሰላም ግን የጀማልን ፊት፣ ከዚያ የእናቷን ፊት አየች።

«እማ፣ ነጃት ማናት?» አለች።

አስካለ ወደኔ ዞረች። ሰላም ትንሽ ጠበቀችን፤ ከዚያ ርቧት ነበርና ዳቦ ቆርሳ መብላቷን ቀጠለች።